ሃምሳ ሁለት ኪሎ

ለራሴ ደብዳቤ ላክሁ፣ ከራሴ ለራሴ፤
ባለ ዘጠና ገጽ፣ የሦስት ዓመት ነፍሴ።
ፈንታነሽ ከፖስታ ቤቱ መስኮት ማዶ አገላብጣ፣
«ላኪም አንቺ፣ ተቀባይም አንቺ» አለች፤ ሣቋ መጣ።
«አዎ፤ ብቻ ማህተሙ ጎልቶ ይውጣ፣ ቀኑ ይነበብ፤
ነገ ሌላው ‹የኔ ነው› ቢል ለዳኛ የሚቀርብ።»
መታችው፣ ጧ! ቀለሙ ረጋ ሙጫው ባለፈበት ላይ፤
ጥቅምት ሃያ ሦስት፣ ጎንደር። ውጪ ጠራ ያለ ሰማይ።

አምና አይደለም ካቻምና፣ አዘዞ፣ ከአንድ ሠርግ ድንኳን፣
ለካሜራ ባለሙያው ስተርክ አመሸሁ አንዱን፤
ዓመት ሳይሞላው አየሁት፣ ስሙን ቀይሮ፣ ልብሱን ለውጦ፣
የኔ ሟች ቆሞ ሲሄድ፣ በሰው እጅ ተሸጦ።
«ሐሳብ ካርታ የለውም» አለኝ ጠበቃው አጎቴ፣
«የሚታጠረው የተጻፈው ነው፤ ያወራሽውማ ሜዳ ነው፣ እቴ።»

አባቴ ደግሞ በልጅነታቸው ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው፤
«ቅኔ ዘረፈ» ሲባል ምርቃት ነው በአፋቸው።
«ዘራፊውን የምናሞግስ እኛ ብቻ ነን» ይላሉ፤
ከማን እንደሚዘረፍ ስጠይቃቸው ግን ይስቃሉ።

ናሁሰናይ ከአዲስ አበባ መጣ፣ ፊልም ገዢ፣ ባለ መነጽር፤
ከፒያሳው ሆቴል ሰገነት አምቦ ውሃ አዘዘልኝ፣ ሳይጠይቀኝ፣ ሳይቸገር።
«መጀመሪያ ይችን ፈርምልኝ፣ ምስጢር ለመጠበቅ» ስለው ሣቀ፤
«በቀን ሃያ ታሪክ እሰማለሁ፤ የማንን ማን ሠረቀ?
በእምነት ነው የምንሠራው።» በእምነት! ከስልኩ ጠርዝ ላይ
ቀይ ነቁጥ፣ የጠገበች ትኋን፣ ብልጭ ስትል እንዳይ
ያደረገኝ አምላክ ይመስገን።

«እሺ፣ ንገሪኝ» አለ።
አፌን ከፈትሁ። እውነተኛው ታሪክ
እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
ቁልቁል አየሁ። ከፋሲል ግቢ አጥር ጥግ
አዛናው ተቀምጧል፣ ባለ ሚዛኑ፣
መስተዋቷን በጨርቅ እየወለወለ፣
«ይመዘኑ! አምስት ብር! ይመዘኑ!»

እናም አወራሁ፦
አንድ ሰው አለ፣ ከተማውን ሁሉ የሚመዝን፤
እርጉዟን ከባሏ ቀድሞ የሚያውቅ፣
ሙሽራው ሠርጉ ሲቃረብ ስድስት ኪሎ ሲጎድል
አይቶ ዝም የሚል።
እሱ ራሱ ግን ሚዛኑ ላይ ወጥቶ አያውቅም።
ለምን?
እኔም አላውቅም ነበር። ስናገር፣ ስናገር መጣልኝ።
አምቦ ውሃው ጋዙን ጨረሰ።
ናሁሰናይ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ከዚያስ?»
ነገርሁት። ሁሉንም፣ መጨረሻውን ሳይቀር።
ምን ቸገረኝ? ለውሻ የተወረወረ አጥንት ነው።

«እንደዋወላለን» ብሎ ሄደ። አልደወለም።
በዓመቱ መስከረም ከሲኒማ ቤቱ ግድግዳ
ሚዛን ተለጠፈ፣ ካጠገቡም አንድ ጠይም ሰው።
ትኬት ገዛሁ። ሰባተኛው ረድፍ።
አጠገቤ አንዲት ሴት ነጠላዋን ነክሳ አለቀሰች።
እኔም አለቀስሁ። መጀመሪያ በንዴት መሰለኝ፤
በኋላ ግን፣ ያ የሰገነት ውሸቴ
ከዘጠናው ገጽ እንደሚበልጥ ስለገባኝ።

ፖስታው ዛሬም ከአልጋዬ ሥር አለ፣ ከነማህተሙ።
ማንም አልነካው፤ ማንም አልዘረፈው።
ማንም።

ትናንት በአጥሩ ጥግ ሳልፍ አዛናው ጠራኝ።
«እህቴ፣ አንቺ የፊልም ነገር ትጽፊያለሽ አሉ።
ስለኔ ሠርተዋል። ልጄ አይቶት መጣና
‹አባዬ፣ ለምን እንደማትመዘን አወቅሁ› አለኝ።
ለሰው ተንፍሼ አላውቅም። ማን ነገራቸው?»

ጫማዬን አወለቅሁ። ወጣሁ።
መርፌዋ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች።
«ሃምሳ ሁለት» አለ። «እንደ አምናው ነሽ።»
መቶ ብር ሰጠሁት።
ዘጠና አምስቱን ቆጥሮ መለሰልኝ።