ፉርጎ ባንድ

ፒያሳ፣ ከጋሽ ወልደየስ ሰዓት መጠገኛ፣
ከዛጉ ብሎኖች ሥር የተረሳ ካሴት፤
«ፉርጎ ባንድ፣ ለገሃር» ይላል የእስክሪብቶ ጽሕፈት።
የላላ ክሩን በእርሳስ አጠንጥኜ ከተትኩት።

መጀመሪያ ሽውታ፣ እንደ ሩቅ ዝናብ።
ቀጥሎ መዶሻ።
ከዚያ የመጋዝ ሲቃ፤ መነሻ የለው መድረሻ።
ክራር የለ፣ ሳክስፎን የለ፤ ሐዲድ ነው የሚመታው፣
የባቡር ፊሽካ ነው አዝማቹን የሚያነሣው።

«ያኔ ሳቅንባቸው» አሉ ጋሽ ወልደየስ፣
መነጽራቸውን በሸሚዝ ጫፍ እየጠረጉ፤
«‹ጋራዡን ዝጉት!› ብለን።
ሦስት ቅዳሜ ተጫውተው ተበተኑ።
በርሜል መቺው ደግፌ ግን… እሱስ እጅ ነበረው።»

ካሴቱ አለቀ።
ድምፁ አልቆመም፤
ውጭ ኤክስካቫተር የሠፈሩን ግንብ ይንዳል፤
የጋሽ ወልደየስ እግር፣ ከጠረጴዛው ሥር፣
ምቱን ሳይስት ይከተላል።