አናናስ የሌለበት

ሻም ሹይ ፖ፣ ገና ሳይነጋ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣
የዳቦ ቤቱ የብረት መዝጊያ ሲከፈት እኩል በእኩል፣
ትሪው ከምድጃ ሲወጣ፣ ጠረኑ ደረጃ ይወጣል፤
አራተኛ ፎቅ ይደርስና የእናቴን በር ይቆረቁራል።

ስሙ የአናናስ ዳቦ ነው፤ አናናስ ግን የለበትም፤
የቅርፊቱን ስንጥቅ አይተው ነው፣ ማንም አልዋሸበትም።
ዱቄት፣ ስኳር፣ የአሳማ ሞራ፣ የእንቁላል አስኳል፣ ወተት፤
(ይህን ስጽፍ አፌን የሞላው ውሃ፣ የሙያ ስህተት።)

ሆስፒታል ነው የምሠራው፣ በምግብ ክፍል፤
ለሰው ሁሉ ቁርሱን በግራም የምከፍል።
እናቴ ሳው-ፉን ሰባ ሦስት ዓመቷ፤ ደሟ ውስጥ ስኳር በዝቶ፣
በማቀዝቀዣዋ በር ለጠፍኩላት፣ ሁሉም ተሰልቶ፦
«አንዱ ዳቦ ከነቅቤው፣ አራት መቶ ምናምን ካሎሪ፤
አሰሩ ኢምንት ነው። ከመግዛትሽ በፊት ቁጠሪ።»

አነበበችው።
መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ወለወለች።
«የጠገበ ሰው ነው የጻፈው» አለች።
«በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ፋብሪካ፣ የፕላስቲክ አበባ ስቀጥል፣
ፊሽካው ሳይነፋብን፣ አንዱን ለአራት ስንከፍል፣
ቅርፊቱ ለማን እንደሚደርስ በዕጣ ነበር የምንለየው።
እሱንስ የት ጻፍሽው?»

መልስ አልነበረኝም።
ሁለት ወር አጃ በላች፣ እንደ ቅጣት እያላመጠች፤
ጠረኑ በሩን ሲቆረቁር፣ ሬዲዮኗን ከፍ እያደረገች።

ከዚያ አንድ ሌሊት፣ አዳሪ ሆኜ ስመለስ፣
ዝናቡ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ካልሲዬን ሲያርስ፣
መዝጊያው ፊቴ ላይ ተከፈተ።
እግሬ ይሁን ሆዴ ያስገባኝ እንጃ፤
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ አልኩ፣ በጨለማው ደረጃ።
ትኩሱ መሃል የጣት ውፍረት ያለው ቀዝቃዛ ቅቤ፤
ቅርፊቱ ከሽ ሲል ሠንጠረዡ ጠፋ ከልቤ።
ቅቤው በአውራ ጣቴ ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ገባ፤
እንደ ሌባ በላሁ። እንደ ደስተኛ ሌባ።

እናቴ በሩን ከፍታ ቃኘችኝ፣ ከላይ እስከ ታች፤
ነጩ ጋውኔ ኮሌታ ላይ ቢጫ ፍርፋሪ አገኘች።
ጣቷን በምላሷ አርጥባ፣ ነክታ አነሳችው፤
ወደ አምፖሉ አስጠግታ አየችው፤ ቀመሰችው።

«ይሄስ ስንት ነው?»
«ሁለት ካሎሪ።»
«ቀንሺ» አለች፣ እንደ ገበያ።
አንድ ተኩል ላይ ተስማማን።