አራት ጣት በረዶ

ሁለት ወንበር አለ፣ ትንሽ ሰያፍ ዞሮ፣
ዓይን ዓይንን እንዳይወጋ በልክ ተቀምሮ፤
አንድ ካርቶን ሶፍት፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት
ከታካሚው ኋላ፣ እኔ ብቻ እንዳየው የሰቀሉት፤
መስታወትም አለ፤ ከመስታወቱ ወዲያ
መምህሬ ሄልካ፣ ዝምታዬን ሰፋሪ እንደ እህል ገበያ።

ኦውሉ ነው። ታኅሣሥ። ጀንበር እንደ ባለዕዳ፣ ሰው እንዳያያት፣
ብቅ ብላ ትገባለች፣ አራት ሰዓት ሳይሞላት።
ታውኖ በሐሙስ ይመጣል፣ ከቀኑ በዘጠኝ፤
ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ ግን መች ሊያነጋግረኝ!
ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። መረብ ሲጠግን ያረጀ ጣቱ
ያልጨረሰው ቋጠሮ ያለ ይመስል፣ ይፈትላል በከንቱ።

የመጀመሪያው ሐሙስ፣ ቅጹን ሰጠሁት።
"ጭንቀትዎ ስንት ነው፣ ከዜሮ እስከ አሥር?" አልሁት።
እርሳሱን አየ፤ እኔን አየ፤ ቀጥሎ መስኮቱን፤
ከበበልኝ ከታች፣ የገጹን ቁጥር፣ ሁለቱን።

በሁለተኛው ሐሙስ፣ "ትንፋሽ እንቁጠር" አልኩ፤
አራት ወደ ውስጥ፣ ስድስት ወደ ውጭ። ብቻዬን ቆጠርኩ።

በሦስተኛው፣ መጽሐፉ ያዘዘኝን ጠየቅሁ፣
"ሐዘንዎ ከሰውነትዎ የት ጋ ነው?" ብዬም በልቤ ሣቅሁ።
በእኔ ቋንቋ ማን ይጠይቃል ይህን?
ሆድ መሆኑን ያውቃል ሕፃን ልጅ እንኳን፤
ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይሸፍታል፣
ሌላው አካል ሲተኛ ሆድ አድሮ ይሟገታል።
ስድስት ገጽ አጥንቻለሁ፣ የአደጋ ምዘና የሚሉት፤
የእኛ ሰዎች ግን ጨርሰውታል፣ ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ያሉ ለት።

ታውኖ ወለሉን በካልሲው ዳበሰ። ምንም።

ማታ ሄልካ ቀረጻውን ከፈተችው። "በአርባ ሰከንድ ሦስት ጊዜ
ተናግረሻል" አለችኝ። "ማንን ልታድኚ? የማንን ትካዜ?"
ልመልስላት ብዬ፣ በተንጋደደ ፊንላንድኛዬ፣
ግሡ ጠፋብኝ። ብስክሌቴን ገፍቼ ሄድኩ በእግሬ።

አራተኛው ሐሙስ ዝም አልኩ። የምሬን።
ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው፣ ጭኔ ላይ አድርጌ እጄን።
ለካስ ይህን ዕውቀት ሳልመዘገብ፣ ሳልከፍል፣
ከጎረቤት ድንኳን ይዤው ኖሯል፣ በልጅነቴ፣ እንደ ዘበት ያህል።
ሃያ ሁለት ደቂቃ። ማሞቂያው ሲንጣጣ ሰማሁት።
በረዶ ጠራጊ መኪና መጣ፣ ሄደ። ሸኘሁት።

ከዚያ ታውኖ መዳፉን አነሣ። ጣቶቹን ገጠመ።

"አራት ጣት" አለ።
"አራት ጣት በረዶ ሰው ይሸከማል።
ስንዝር ከሆነ ፈረስ።
ይህ ግን የክረምቱ ነው።
የፀደይ በረዶ ውፍረቱን ይዞ ከውስጥ ይበሰብሳል፤
ብትለኪው ይዋሻል።
ወንድሜ ኦስሞ ለካው። አራት ነው አለ።
እኔ ድምፁን ሰምቼ አውቄዋለሁ፤ ከእግሬ ሥር ተለውጧል።
አልነገርኩትም።
ተኳርፈን ነበር። በጀልባ ሞተር ዋጋ።"

ዝም አይነቅዝም ሲሉ ነው ያደግሁት።
ያን ዕለት በሁለት ወንበር መሃል ነቀዙን አየሁት።

"አይዞህ" አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ በጥርሴ ያዝኩት።
የሰዓቱን ቆጣሪ አለፍኩት።

ሲወጣ ጫማውን እያሰረ፣ ጎንበስ እንዳለ፣
"አንቺ አገር በረዶ አለ?"
"ሐይቅ ላይ የለም" አልኩት።
"እንግዲያ ምኑን ትለኪያላችሁ፣ ከመርገጣችሁ በፊት?"

መልስ አልነበረኝም። "ሐሙስ" አለና ሄደ።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። ከባዶው ሣጥን፣
"የጭንቀት መጠን" ከሚለው ጎን፣
አራት ጣት፣ ብዬ ሞላሁበት።
ሄልካ በማግስቱ በቀይ ከበበችው፤ ጥያቄ ምልክት አኖረችበት።

አላጠፋሁትም።