ባለቤቱ የጠፋ ዓረፍተ ነገር

የበልግ ዝናብ ነው፤ መሐል ሜዳ ከተማ፣
ከቆርቆሮው ቀዳዳ ጠብታው ሲሰማ፣
ባልዲዋን በእግሬ ወደ ሥሩ ገፋ አርጌ
ጻፍኩ ከሰሌዳው ላይ፣ እጄን ጠርጌ፦
«ጣሪያው መጠገን አለበት።»

በእንግሊዝኛው «ማስት»፣ ቀጥሎ «ቢ» ይገባል፣
ሦስተኛው የግስ መልክ ከኋላ ይከተላል፣
አድራጊው ካልታወቀ፣ ባይጻፍም ይሆናል።
«ሹድ» ምክር ናት አልኩኝ፣ «ማስት» ግን ግዴታ፣
«ሜይ» ደግሞ ምናልባት፣ የጓሳ ጉም ማታ።

ከኋላ ወንበር ላይ፣ የእናቷን ዝተት ደርባ፣
ወርቅያንሱ እጇን አወጣች፦
«ቲቸር፣ ባለቤቱ የት ገባ?»

«ጣሪያው ነዋ!» አልኳት፤ መጽሐፉ እንደሚለው
የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ጣሪያው ነው።
«ታዲያ ራሱን በራሱ ነው የሚጠግነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ባልዲዋ ሞላች።

ኪሴ ውስጥ ያለው ደብዳቤ ትዝ አለኝ፤
ከወረዳው የመጣ፣ ሦስት ዓመት ያለፈው፦
«ሊታሰብበት ይችላል፣
ሊጠገን ይገባል፣
በጀት ሲፈቀድ ይታያል።»
አንድ ሰው የሌለበት፣ ግስ ብቻ የሞላበት፣
ፈራሚው እንኳ «ስለ» ብሎ የፈረመበት።

«በይ፣ ወደ አድራጊ ለውጪው» አልኳት፤ ተነሳች፣
ጠመኔዬን ተቀብላ እንዲህ ብላ ጻፈች፦
«ቲቸር ላቀው ጣሪያውን መጠገን አለበት።»

ስሕተት ፈለግሁበት።
«ማስት» በቦታዋ ናት፣ «ቢ» ወጥታለች።
አሥር ከአሥር ሰጠኋት።

ደወል ተደወለ። ባልዲዋን ደፍቼ በሩ ላይ ቆምኩኝ፣
«መሰላል ከየት ይገኛል?» ብዬ ጠየቅኩኝ፤
«ይገኛል» ሲል አፌን ሰማሁት፤
ደግሞ ባለቤቱ አመለጠኝ።