ተደራጊ ግስ

አዳራሹ የድሮ ቡና መጋዘን ነው፤ ግድግዳው ዛሬም ጆንያ ጆንያ ይሸታል።
የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደልቀው
ሰብሳቢዋ እጇን ታነሣለች፣ ሁላችንም ዝም እንላለን፤
በጅማ ዝናብ ቀድሞ ይመሰክራል።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ።
ምያለሁ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣
የሰውን ቃል ከአፉ ተቀብዬ መዝገብ ላደርስ።
ደንቡ «እሷ አለች» አያስብልም፤
«እኔ» ስትል «እኔ» ነው የምለው፣ እሱም «እኔ» ሲል «እኔ»።
ስለዚህ ጧት ባሌ የጠፋብኝ ሴት ነበርኩ፤
ከሰዓት በኋላ ዘብ።

ረምላ አባ ፊጣ ከሄርማታ መጣች፣
በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለለችውን ይዛ።
ወረቀት መስሎን ነበር።
ፈታችው፤ በርጩማ፣
ከአንድ ጉማጅ ዋንዛ የተፈለፈለ፤
ሁለት እግሩ ወጥቷል፣
ሦስተኛው ገና እንጨቱ ውስጥ ነው።
«ነዚፍ ይህን ሊያወጣ ሲል በሩ ተንኳኳ።
መጥረቢያውን አስደግፎ ‹አሁን እመጣለሁ› አለኝ።»
ጸሐፊው ቁጥር ሰጠው፤ ኤግዚቢት አሥራ ሰባት።
ሊያቆመው ሞከረ፣ ወደቀበት።

ከማሉዲን አባ ጊዲ ጎረቤቷ ነው፣
ከአንድ ጉድጓድ ውኃ የቀዱ።
ወረቀት እንደሚያነብ ሰው ተረጋግቶ
«ፉዸተሜ» አለ።
«ተወሰደ» አልኩ።
ተጠየቀ። ተመታ። ከአዌቱ ማዶ ተቀበረ።

ያን ጊዜ አየኋት፣
ዕድሜ ልኬን ስጽፋት የኖርኩትን ፊደል፣ ተን።
እግሯን ተክላ፣ እጇን ግራና ቀኝ ዘርግታ
ከግሱ ደጃፍ ቆማለች፤
«ማን?» ብሎ የመጣውን ሁሉ ትመልሳለች።
በኦሮምኛ ከጓሮ ትሸሸጋለች፣ በአማርኛ ከፊት ትገተራለች፤
በሁለቱም ቤት ባለቤት የለም።
ባለቤቱ የጠፋ ዓረፍተ ነገር፣
ባለቤቷ የጠፋ ሴት፣
በአንድ አዳራሽ ፊት ለፊት።

ረምላ ሳይፈቀድላት ተነሣች።
«‹ተወሰደ› አትበለኝ። ጎርፍ ነው የወሰደው? ጅብ ነው?
ካሣውን ስትፈልጉ በኋላ ቁጠሩት፤
ምሕረቱንም ቆይቼ አስብበታለሁ፤
መጀመሪያ ሰው ስጡኝ።»

ከማሉዲን ጫማውን አየ።
አንድ ነገር አለ፤ ቆርቆሮው ዋጠበት።
«አልተሰማም» አለ ጸሐፊው።
(እዚህችም ውስጥ ተ ተወሽቃለች።)
ደገመው፤ «ፉዸዼ»።

አፌን ከፈትኩ።
«ወሰድኩት። እኔ ነኝ የወሰድኩት። እኔ መታሁት።
ሲነጋጋ፣ አፈሩ ርጥብ ነበር፣ እኔ ቀበርኩት።»
ድምፁ የኔ ነበር።
ረምላ ያየችው እኔን ነበር።

ማንም ያልጠየቀኝ ነገር አለ።
በዚያ ዘመን የወረዳው ታይፒስት ነበርኩ።
በየስሙ ትይዩ የምመታት አንዲት ቃል ነበረች፤ «ተዛውሯል»።
ከመኪናዬ ቁልፎች ሁሉ ቀድማ ያለቀችው ተ ነበረች፤
ጣቴ እስከ ዛሬ ሳያይ ያገኛታል።
ነዚፍ አባ ቢያ ብዬ መትቼ ይሆን?
ዝርዝሩ ረጅም ነበር፣ እጄ ፈጣን።
ወዴት እንደሚዛወሩ አላውቅም ነበር።
ይህን «አላውቅም»
ወደ እውነት የሚመልስ ቋንቋ
ከምችላቸው ሁለቱ በአንዱም አጣሁ።

ሲመሽ በርጩማውን አስፈርመው መለሱላት።
ደጃፉ ላይ ዝናቡ አልቆመም።
«ናፍ ቀቢ» አለችኝ፣ ያዝልኝ፣ ጥላዬን ልዘርጋ።
ያዝኩት።
ይከብዳል፣ ላልተጨረሰ ነገር በጣም ይከብዳል።
«አትቀመጥበት» አለች እየሣቀች ይሁን እያለቀሰች ሳይለይ፣ «አላለቀም።»

የእማኞች መዝገብ ነገ በሁለት ሰዓት ይከፈታል።
ጥላዋ ተዘረጋ፤
እጄ ግን
በርጩማውን አልለቅ አለች።