ለመጠጥ ውሃ ብቻ

በማይኖት ጨረታ፣ ቁጥር መቶ አሥራ ሁለት፣
ከአጥሩ ጥግ ቆሟል፣ ማንም ሳይጠጋበት፣
ሁለት ጎማ ያለው ሆዳም ተጎታች ነው፣
የጦር ቅጠልያውን ፀሐይ የላጠው።

ወንድሜ ኤይናር ዞረው፤ ጎኑን በቡጢ መታው፤
ጆሮውን ለጠፈ፤ ባዶ ሆድ ሲያስተጋባ ሰማው።
ጎማውን ረገጠ፣ ዘንጉን ነቀነቀ፣
ከሥሩ ተንጋሎ ዝገቱን ፋቀ።
«ታንክ ገዛሁ» ብሎ ለሚስቱ ደወለ፤
«መድፉስ የታለ?» አለች። «መድፉ ቀርቷል» አለ፤
ሳቁን ሳይጨርሰው ገንዘቡን ከፈለ።

አራት መቶ ጋሎን፣ ለዚያውም በርካሽ፤
አዲሱን ብትጠይቅ ዋጋው ጎተራ አፍራሽ።

ከጎኑ ላይ ግን፣ በነጭ፣ ፊደል በፊደል፣
ያልደበዘዘ መስመር፣ እንደ መሐላ ቃል፦
ለመጠጥ ውሃ ብቻ ይላል።

ስንት ኮዳ ሞልቶ፣ ስንት ምላስ አርሶ፣
ከስንቱ ፊት ላይ አቧራ አብሶ
እዚህ እንደ ደረሰ አላውቅም።
ታርጋው ላይ ዓመት እንጂ ስም የለም።
ክዳኑን ከፈትኩት። ከላስቲኩ ሥር የቀረ
ቁንጣሪ አሸዋ ጣቴ ላይ ነበረ፤
የኛ አፈር ጥቁር ነው፤ ያ ቀይ ነበረ።

«ኤይናር፣ ይሄ የለመደው ውሃ ነው» ብለው፣
«ብረት ምን ይለምዳል? ያጎረሱትን ነው»
አለና ቁልፉን አነሳ።

የውሃውን ላስቲክ ነቅሎ በናፍጣ ላስቲክ ተካ፣
የመሬት ሽቦ አሰረ፣ ፓምፑን ገጥሞ ለካ፣
ማጣሪያ ጨመረ። ጽሑፉን ግን አልነካ።
የእርሻ ናፍጣ ቀይ ነው፤ ቀረጥ ስለሌለው
መንግሥት ነው በቀለም ለይቶ ያተመው።
ቦቴው መጥቶ ሲቀዳ፣ ሆዱ ሲያጉረመርም፣
ቆሜ ሰማሁት እንጂ ቃል አልወጣኝም።

ሐምሌ ዝናብ ነሳ፤ ነሐሴም አልሰጠ፤
የኩሬው ጠርዝ ሸሸ፣ ጭቃው ተፈለጠ፤
የጉድጓዱ ፓምፕ አየር ብቻ ዋጠ።
አርባ ሁለት ላሞች አጥር ላይ ተደርድረው
እንደ ዳኛ አዩን፣ አንገት አስግገው።

ውሃ ሩግቢ አለ፤ ሃያ ማይል።
በምን ይጫናል?
ኤይናር ዞረና ጽሑፉን አነበበ፤
አፉን ከፈተና መልሶ ሰበሰበ።
በአመድ ቢፈትጉት፣ ሳሙና ቢያልቅበት፣
ናፍጣ ያየ ሆድ አይመለስ ወደ ጥንት።

ላቮን ሽሚትኬ ናት፣ በሦስተኛው ቀን፣
የፕላስቲክ ታንከሯን ያዋሰችን።
ኪራይ አልጠየቀች። ትራክተሯን አምጥታ
«ሙሉልኝ» አለችና ቆመች ለአፍታ።
ሞላንላት፤
ከዚያው፣ ከውሃው ሆድ።
ላሞቹም ጠጡ። እንዴት እንደ ሆነ
ለላም ማን ያስረዳል?

አሁን መስከረም ነው። ስንዴው፣ ያለችው ትንሽ፣ ገባች።
ቀን ይሞቃል፤ ሌሊት ግን ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤
ግማሹ የጎደለ ብረት በውስጡ ያልበዋል።
ማለዳ፣ ማጣሪያው እንዳይታነቅ ብዬ፣
ከሥሩ ካለው ቧንቧ ጠርሙሴን ሞልቼ
ወደ ብርሃን አነሳዋለሁ።
ቀዩ ከላይ። ከታች፣ ጣት በምታህል፣
ጥርት ያለ ውሃ።
ማንም አልጨመረው። ከአየሩ፣ ከሌሊቱ
ጠብታ በጠብታ ለቅሞት ነው ራሱ።

«ሞተር ገዳይ ነው፣ ድፊው» ይለኛል ኤይናር።
እውነቱን ነው። እደፋዋለሁ።
ከመድፋቴ በፊት ግን ዞር ብዬ አያለሁ
ያንን ነጭ መስመር።
ጦሩ ካሰናበተው ስንት ዘመኑ ነው፤
ዛሬም ማለዳ፣ ማንም ሳይጠራው፣
ድርሻውን ይዞ ተሰልፎ አገኘሁት።