ኮረብታ የሚባል ውሃ

(ዛሬ የሰሜን ባሕር ከሚሉት በታች፣ ከስምንት ሺህ ዓመት በፊት)

ቀስ ብለሽ ቅዘፊ፣ ኔሪ፣ እዚህ ጋ ግንድ አለ፤
ታንኳችን ሆዱ ስስ ነው፣ ስንቱን ተቀበለ።
ባሕሩ ሲሸሽ ነው የሚታይ አናቱ፣
ጥቁር፣ እንደ ጥርስ፣ ከነቅርፊቱ።
«የባሕሩ ጥርስ ነው?» አልሽኝ ትናንትና።
ጥርስ አይደለም፣ ልጄ፤ አኻያ ነውና፣
እኔና ዶሙክን ቅርንጫፉ ችሎን፣
የወደቅን ዕለት ሣሩ ተቀብሎን።

እዚህ ሣር ነበረ።

መጀመሪያ የመጣው ውሃ አልነበረም፤
ጨው ነው። የምንጩ ጣዕም እንደ ፊቱ አልኖረም።
አጋዘኑ ቀምሶ አንገቱን አዞረ፣
ኮቴው ወደ ምሥራቅ፣ ሳይመለስ ቀረ።
ቀጥሎ የዱር ለውዙ ከአናቱ ደረቀ፤
ፍሬውን ብንሰብር ባዶው ቅርፊት ሳቀ።

አባቴ ኦስካ ችካል ይተክል ነበረ፣
በየበጋው አንድ፣ ዳር ዳሩን እየዞረ።
«እንግዳ ነው» ይላል፣ «ይበላል ይጠጣል፤
ሲጠግብ እንደ መጣው ተመልሶ ይወጣል።»
ሰባት ችካል ተክሎ ስድስቱ ሰጠሙ፤
በሰባተኛው ላይ የባሕር ወፎች ቆሙ።
ያን ዕለት አባቴ ዝም እንዳለ ቀረ፤
እንግዳው ቤት ለምዶ፣ እሱ እንግዳ ነበረ።

የማዶ ሰዎች ይላሉ፣ «ባንድ ሌሊት መጣ»፤
ባንድ ሌሊት ቢሆን እንባችን በወጣ።
እሱ ግን እንደ ሽበት በዝምታ ይመጣል፤
ለአንዲት ዘለላ ማን ለቅሶ ይቀመጣል?

ምድጃችንን አራት ጊዜ ነቅለን ተከልን፣
ፍሙን በእርጥብ ቅርፊት፣ እንደ ሕፃን አቅፈን።
ትልቁ ድንጋይ ግን ከበደን፣ ትተነው ሄድን።
ከሦስት በጋ በኋላ ዶሙክ ጠልቆ ገባ፤
ድንጋዩ ላይ ዛጎል በቅሏል እንደ አበባ።
ፈልቅቆ አመጣው፤ ጠብሰን በላን።
ይጣፍጥ ነበር፣ ምን ልዋሽሽ።
እናቴ ብቻ አልቀመሰችም፤
«በገዛ ምድጃዬ ባሕር አብስሎ አቀረበልኝ» አለች፣
ጀርባዋን ሰጠችን።

አሁን መቅዘፊያሽን አንሺ። ከሥራችን አለች፤
ታናሽ እህቴ ናት፣ ስምሽን ያወረሰች።
ቀይ አፈር ተቀብታ፣ የአጋዘን ቀንድ ተንተርሳ፣
ከጫፉ ላይ ቀበርናት፣ ማንም እንዳይረሳ።
«እዚህስ አይደርስም» ያልነው እዚህ ነበር።

«ኮረብታው» ስንል ነው ሳቅሽ የሚመጣ፤
«ውሃ ነው» ትያለሽ፣ «የታለ የሚወጣ?»
ልክ ነሽ። ስትወለጂ ማዕበል ነበረ፤
የእኔ ግን እግሬ ነው እዚህ የቀረ።
ሌሊት ስተኛ ቁርጭምጭሚቴ ያውቃል
ዳገቱ ከየት እንደሚጀምር፣
ዝናብ ሲዘንብ የቱ ጋ እንደሚያዳልጥ፣
የትኛው ድንጋይ ከእግር በታች እንደሚነቃነቅ።
ይህን ላወርስሽ አልችልም።
የማወርስሽ ስሙን ነው፤ ስም አይሰጥምና።

በቃ፣ ቅዘፊ። ነፋሱ ሳይዞርብን፤
ወጥመዶቹ ገና አልተነሡም።

«የትኛው ይቅደም?» አልሽኝ፣
ፊትሽን ሳታዞሪ፣ ዓይንሽ ከውሃው ላይ፣
«ከኮረብታው በስተግራ ያለው?»

አዎ፣ ልጄ። ከኮረብታው በስተግራ ያለው።